ለጉዞ የሚሆን ትንሽ ውሃ ማፍያ፦ ታጣፊው፣ ብረቱ ወይስ ጠርሙሱ?

የጉዞ ኬትል ልትገዙ ሱቅ ብትገቡ ሻጩ ቀድሞ የሚያሳያችሁ ታጣፊውን ነው። በመዳፉ ጫን ብሎ ያጥፈዋል፣ መልሶ ይስበዋል፣ «አያችሁት? ኪስ ውስጥ ይገባል» ይላል። ኪስ ውስጥስ አይገባም፤ ግን ያምራል። እኔ ከመታጠፉ በፊት ገልብጣችሁ ታቹን አንብቡ ባይ ነኝ። የጉዞ ኬትል የሚመረጠው በምትሄዱበት አገር መብራትና ውሃው ሲፈላ ራሱን በሚያጠፋበት መንገድ ነው። መጠኑ፣ ቀለሙ፣ መታጠፉ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

ለመሆኑ መያዙስ ያስፈልጋል ወይ? እንግሊዝ አገር ሆቴል ክፍል ውስጥ ኬትል ከነሻዩና ከነስኳሩ ተቀምጦ ማግኘት የተለመደ ነው። ቻይናም እንዲሁ። ዱባይና ዶሃ ሻል ያሉት ሆቴሎች ያስቀምጣሉ። አሜሪካ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት የቡና ማሽን ነው፤ በእሱ የሻይ ውሃ ብታሞቁ የትናንቱ እንግዳ ቡና ይሸታችኋል። እኛ አገር እንደ ሆቴሉ ነው። ደውሎ መጠየቅ ሻንጣ ከማክበድ ይቀላል። ዘመድ ቤት የሚያርፍ ሰው ደግሞ ባይዝ ይሻለዋል። ኬትል ይዞ እንግድነት መሄድ «ሻይ አያፈሉልኝም» ማለት ይመስላል።

በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። ፊልድ የሚወጡ፣ ሕፃን ይዘው የሚጓዙ፣ ዑምራ የሚሄዱ፣ ውጭ አገር ሆስፒታል በሽተኛ የሚያስታምሙ፣ በጾም ወቅት ሆቴል ምግብ አልስማማ እያላቸው ስንቅ የሚይዙ። የቀረው ጽሑፍ ለእነሱ ነው።

ታቹ ላይ ምን ተጽፏል?

የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ነው። አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮችም ከ220 እስከ 240 ባለው ውስጥ ናቸው። ስለዚህ እዚህ የሚሠራ ኬትል፣ ስፒናው እስከገባ ድረስ፣ እዚያም ይሠራል። አሜሪካና ካናዳ 120፣ ጃፓን 100 ቮልት ናቸው። ሳዑዲ አሁን 230 ብትሆንም አሮጌ ሕንፃ ውስጥ 127 ቮልት የሚሰጥ ሶኬት ሊያጋጥም ስለሚችል፣ ከመሰካት በፊት መጠየቅ ነው።

ከአሜሪካ ለአክስቱ ቆንጆ የመስታወት ኬትል ይዞ የመጣ ዘመድ አለኝ። አዳፕተሩንም አብሮ ገዝቶ ነበር። እትዬ ውሃ ሞልተው ሰኩት። ከወትሮው በላይ ጮኸ፤ ውሃው ወዲያው መንጫጫት ጀመረ። ቤቱ ሁሉ «የአሜሪካ ዕቃ እኮ!» አለ። ብዙም አልቆየ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ ጧ አለ፣ ብሬከሩ ወረደና ቤቱ ጨለመ። ኬትሉ አሁን የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል።

ምን ሆነ መሰላችሁ? አዳፕተር የሚለውጠው የስፒናውን ቅርጽ ብቻ ነው። ቮልቱን አይነካውም። ለ120 ቮልት የተሠራ 1000 ዋት ኬትል 220 ላይ ሲሰካ ቮልቱ ገና እጥፍ እንኳን አልሞላም፤ ሙቀቱ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ወደ 3300 ዋት ማለት ነው። ይህን የሚችል የጉዞ ኬትል የለም።

በተቃራኒው ከዚህ የተገዛ ባለ 220 ኬትል ዋሽንግተን ወይም ሲያትል ላይ ቢሰካ አይቃጠልም፤ ግን ይለግማል። ባለ 1000 ዋቱ ወደ 300 ዋት ይወርዳል። ባለ 600 ዋቱማ 180 ገደማ ላይ ይቀራል፤ ግማሽ ሊትር ውሃ ለማፍላት 20 ደቂቃ ቢፈጅ አይግረማችሁ። ለአንድ ጉዞ ሊታለፍ ይችላል፤ በየዓመቱ ለሚመላለስ ሰው ግን ጣጣ ነው።

መፍትሔው በሁለቱም ቮልት የሚሠራውን መግዛት ነው። ብዙዎቹ ታቻቸው ላይ በሳንቲም ወይም በትንሽ ካቻቢቴ የሚዞር ማብሪያ አላቸው፤ አንዱ ጎን 110፣ ሌላው 220 ይላል። ኤርፖርት ስትደርሱ ሳይሆን እቤት እያላችሁ አዙሩት፤ ደክሞት ሌሊት ሆቴል የገባ ሰው ይረሳዋል። ስትመለሱ ደግሞ መልሱት፤ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ በመልሱ ነው። ማብሪያ ሳይኖረው «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል የተጻፈበት ከሆነ ራሱ ይቀበላል ማለት ነው። 50 ወይም 60 ኸርዝ የሚለው አያስጨንቃችሁ፤ ውሃ ለማፍላት ለውጥ የለውም። ትራንስፎርመር ይዞ መሄድም አለ፤ ግን 1000 ዋት የሚችለው ብዙ ኪሎ ስለሚመዝን ከኬትሉ ይልቅ እሱን ነው የምትሸከሙት።

ስለ አዳፕተር አንድ ነገር ልጨምር። «ለሁሉም አገር» ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ ለስልክና ለላፕቶፕ የታሰቡ ናቸው። ላያቸው ላይ 6 አምፒር የሚል ካለ፣ 220 ቮልት ላይ እስከ 1300 ዋት ገደማ ይችላል፤ አሜሪካ ላይ ግን ከ700 በላይ አይሞክረው። ሌላው የመሬት መስመር ነው። አካሉ ብረት የሆነና ሦስት ጥርስ ስፒና ያለው ኬትል በባለ ሁለት ጥርስ አዳፕተር ሲሰካ የመሬት መስመሩ ይቋረጣል። ውስጡ የተበላሸ ቀን ሊነዝራችሁ ነው። ከዱባይ የሚገቡት ብዙዎቹ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለሆኑ ይህ እኛ አገር በየቤቱ ያለ ችግር ነው። መሬት ያለውን አዳፕተር ፈልጉ። ማከፋፈያ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ስኩት፤ በተለይ ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም አንድ ቀጭን ማከፋፈያ ላይ የተንጠለጠሉበት ፔንሲዮን ውስጥ።

መፍላቱን በምን ያውቃል?

ብዙ ሰው «ራሱ ይጠፋል?» ብሎ ይጠይቅና አዎ ሲባል ይበቃዋል። ለደጋ ሰው ግን ጥያቄው በምን ይጠፋል የሚለው ነው።

በተለመደው ኬትል ውስጥ ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ በትንሽ ቀዳዳ ወደ እጀታው በኩል ይወርድና ከሁለት ብረት የተጣበቀች ስስ ሳህን ያሞቃል። እሷ ስትጎብጥ ማብሪያውን ትመታዋለች፤ ቀጭ የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ስትሪክስ የሚባለው የማን ደሴት ኩባንያ ስሙን ያተረፈው በዚህች መቆጣጠሪያ ነው። የአሠራሩ ጥቅም ዲግሪ አለመቁጠሩ ነው። እንፋሎት ከመጣ ያጠፋል፣ በቃ። ክዳኑን ክፍት ከተዋችሁት ግን እንፋሎቱ ወደ ላይ ያመልጥና ሳይጠፋ ይቀጥላል።

ዲጂታሎቹ ደግሞ ታች ባለ ሴንሰር ሙቀት ይለካሉ። ባሕር ዳርቻ ላይ ችግር የለም፤ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ናት፤ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ላሊበላ ላይ የሚፈላበት ዲግሪ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ የባሰ። 100 እስኪደርስ ጠብቅ የተባለ ርካሽ ሴንሰር እዚህ ስንት ሰዓት ቢጠብቅ 100 አያይም። ውሃው ይንተከተካል፣ ክፍሉ በእንፋሎት ይሞላል፣ መብራቱ ይቆጥራል። ጥሩዎቹ ሙቀቱ መጨመር ሲያቆም ይገባቸዋል። ርካሾቹ አይገባቸውም። ቁጥር የሚያሳይ ስክሪን ስላለው ብቻ ይበልጣል ብላችሁ እንዳትገዙ።

ለአሠራሩ ስትሉ ሌላም እዩ፦ ውሃ ሳይኖረው ቢሰካ ራሱን ያጠፋል ወይ? ይህ ሌላ መከላከያ ነው፤ የሌለውን ለማንም አልመክርም።

ከፍታው ንጽሕናንም ይነካል። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሚጠረጠር ውሃ ለ1 ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር ገደማ በላይ ግን ለ3 ደቂቃ ይፍላ ይላል። ኬትል ደግሞ ገና ሲፈላ ቀጭ ይልና ይጠፋል። ስለዚህ የቧንቧው ውሃ የማያስተማምን ከሆነ መልሳችሁ መላልሳችሁ አብሩት፣ ወይም የታሸገ ውሃ ቅዱ። ለሕፃን የዱቄት ወተት የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ውሃው ከ70 ዲግሪ እንዳያንስ ነው፤ የአዲስ አበባው 92 ከበቂ በላይ ነው። በጥብጦ ማቀዝቀዙን ብቻ አትርሱ።

ታጣፊው

ግድግዳው ሲሊኮን፣ ታቹ ስቴንለስ ነው። አብዛኛው ግማሽ ሊትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይይዛል፤ ይህም ሦስት አራት የሻይ ብርጭቆ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ለተጓዥ ተብሎ ስለተሠራ ሁለት ቮልት የሚቀበለው በብዛት የሚገኘው ከእሱ ወገን መሆኑ ነው። አሜሪካና አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ሁነኛ ምርጫ ነው።

ከዚያ ውጭ ግን የመታጠፉ ነገር የተጋነነ ይመስለኛል። ታጥፎ ቦታ ቢቀንስም ክብደቱ ያው ነው። የማይታጠፈው ትንሽ ብረት ኬትል ደግሞ ሆዱ ባዶ ስለሆነ የሻይ ቅጠሉን፣ ስኳሩን፣ ንጹሕ ካልሲ ሳይቀር ውስጡ ጎስጉሶ መሄድ ይቻላል። የባከነ ቦታ የለም። ታጣፊው ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም።

ሲሊኮኑ አዲስ ሲሆን ይሸታል። ጥሩው ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ አፍልቶ ሲደፋ ይለቀዋል። መጥፎው ወር ሙሉ ሻዩን ጎማ ጎማ ያሰኘዋል። ግድግዳው ለስላሳ ስለሆነ በሙቅ ውሃ ተሞልቶ ሲነሳ ይልፈሰፈሳል፤ ልጅ ባለበት ክፍል ይህን አልወደውም። እጥፋቱ ውስጥ የሚቀረው ውሃም ሳይደርቅ ሻንጣ ከገባ ይሻግታል። ጠዋት አፍልቶ ወዲያው ወደ ኤርፖርት የሚሮጥ ሰው እርጥቡን አጥፎት ነው የሚሄደው።

ትንሹ ብረት

የኔ ምርጫ ይህ ነው። ግማሽ ሊትር እስከ 0.8 ሊትር የሚይዝ፣ ውስጡ ስቴንለስ የሆነ፣ በእንፋሎት የሚጠፋ፣ ከ600 እስከ 1000 ዋት። የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ ሥራውን ግን ይሠራል። 1000 ዋት ግማሽ ሊትር በሦስት ደቂቃ ገደማ ያፈላል፤ 600 ዋቱ አምስት ደቂቃ ያስጠብቃል።

ውስጡን እዩ። ውሃ የሚነካው ሁሉ ብረት ከሆነ ጥሩ ነው። አንዳንዱ ውጩ ብረት፣ ውስጡ ፕላስቲክ ነው፤ ሌላው ደግሞ የውሃ መጠን ማያ መስኮቱ ፕላስቲክ ሆኖ ከጊዜ በኋላ በመጋጠሚያው ያንጠባጥባል። አፉ እጅ የሚያስገባ ቢሆን ይመረጣል፤ ማጠቡ ይቀላል። ድሬዳዋ የሚመላለስ ሰው ይህን ያውቀዋል። የድሬ ውሃ ካልሲየሙ የበዛ ስለሆነ የኬትሉ ታች ቶሎ ነጭ ቅርፊት ያበጃል፤ ቅርፊቱ ሲወፍር ማፍያ ሰዓቱም ይረዝማል። ሎሚ ጨምቆ ወይም አቼቶ በውሃ በጥብጦ ማፍላት፣ ማሳደር፣ ማለቅለቅ ነው። በሽቦ አትፈትጉት።

ጉድለቱ? ሁለት ቮልት የሚቀበል ብረት ኬትል ከታጣፊው ይልቅ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። የአንድ ግድግዳ ብረት ደግሞ ውጩም ይፋጃል። ሁለት ግድግዳ ያለው አለ፤ ከበድ ይላል እንጂ እጅ አያቃጥልም።

ጠርሙሱ

ፔርሙዝ የሚመስለው፣ 350 ወይም 400 ሚሊ ሊትር የሚይዘው፣ ገመዱ የሚነቀለው። አሁን ፋሽኑ እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ 300 ዋት ስለሆነ ቀርፋፋ ነው፤ ከ6 እስከ 10 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ውሃው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ከላይ ያልኩት የሴንሰር ችግር በብዛት የሚታየውም እዚህ ነው።

ግን ቀርፋፋነቱ የሚጠቅምበት ቦታ አለ። በሶላር የሚሠራ ሎጅ ወይም አነስተኛ ኢንቨርተር ያለው የፊልድ ካምፕ ውስጥ 1000 ዋት ብትሰኩ የሁሉንም መብራት ታጠፋላችሁ፤ ወዳጅ አታፈሩም። 300 ዋት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል፤ ለማንኛውም ቀድሞ ኃላፊውን መጠየቅ ነው። ሆስፒታል ሌሊት ለሚያስታምም ሰውም ይመቻል፦ ድምፁ ዝቅተኛ ነው፣ ክዳኑ ይጠብቃል፣ አልጋ አጠገብ አይደፋም። ከገዛችሁ ገመዱ የሚሰካበትን ቀዳዳ ውሃ እንዳይነካው ጎማ መክደኛ ያለውን ምረጡ። አፉ ጠባብ ስለሆነ ከውሃ በቀር ምንም አትጨምሩበት። ወተት ያፈሉበት ጠርሙስ ሽታው አይለቅም።

የቀሩት

ውሃ ውስጥ የሚነከረው ጥቅልል ማሞቂያ ርካሽ ነው፣ እጅ መዳፍ ያክላል፣ ተማሪ ይወደዋል። ራሱን አያጠፋም፤ ከውሃ ሲወጣ ሳይነቀል ከቀረ ይግማል፣ ያረፈበትን ያቃጥላል። እኔ አልይዘውም።

የመኪና ኬትል የሚሰካው ሲጋራ መለኮሻው ላይ ነው። ያ ቀዳዳ በ12 ቮልት 150 ዋት ገደማ ቢሰጥ ነው፤ ግማሽ ሊትር ለማፍላት ግማሽ ሰዓት ይቀርባል። ሞተሩ ጠፍቶ ከሆነ ባትሪውንም ይበላዋል። አይሱዙና ሲኖትራክ የሚነዱ ደግሞ ልብ ይበሉ፦ የጭነት መኪናው 24 ቮልት ስለሆነ ባለ 12 ቮልቱን ኬትል ይፈጀዋል። ለሾፌር የምመክረው ጥሩ ፔርሙዝና ማለዳ ላይ የተሞላ ሙቅ ውሃ ነው።

በባትሪ የሚሠራውም ብዙ ተስፋ አይጣልበት። 20 ሺህ ሚሊ አምፒር አወር የሚባለው ትልቁ ፓወር ባንክ የያዘው 74 ዋት አወር ገደማ ነው። ምንም ሳይባክን እንኳን አንድ ሊትር ውሃ አያፈላም።

አፉ ሰፊ የሆነው ትንሽ የኤሌክትሪክ ድስት ግን ሌላ ነገር ነው። ረጅም ጊዜ ውጭ ለሚቆይ፣ ለሚጾም፣ እንቁላልም ኢንዶሚም አጥሚትም ለሚያምረው ሰው ከኬትል ይበልጣል፤ ውሃም ያፈላል። ኬትል ውስጥ ኢንዶሚ የሚቀቅሉ አሉ፤ አረፋው ወደ እንፋሎት ቀዳዳው ገብቶ ማብሪያውን ይዘጋዋል። ምግብ ካሰባችሁ ድስቱን ግዙ። ሽሮ ግን ይቅርባችሁ። ሆቴል ክፍል ውስጥ ሽሮ የሠራ ሰው ከሪሴፕሽን ይደወልለታል።

ስትገዙና ስትጭኑ

መርካቶም ሆነ ቦሌ፣ ሱቁ ውስጥ ውሃ አስሞልታችሁ አስፈሉት። ቀጭ ብሎ መጥፋቱን እዩ፤ ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱ፤ ስትቀዱ ውሃው በአፉ ቀጥ ብሎ ይወርዳል ወይስ በአገጩ ያንጠባጥባል? ሻጩ «አዲስ ዕቃ ውሃ አይነካውም» ካለ ሌላ ሱቅ ግቡ። በኦንላይን ካዘዛችሁ የታቹን ጽሑፍ ፎቶ አስልኩ፤ «ኦሪጅናል ነው» የሚለው መልስ ቮልት አይነግራችሁም።

በአውሮፕላን ኬትል በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ ይሄዳል፤ ባዶና ደረቅ ይሁን። ውስጡ የተገጠመ ሊቲየም ባትሪ ያለው ከሆነ በእጅ ይያዝ፤ ከ100 እስከ 160 ዋት አወር ከሆነም የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ወንበር ሥር ያለው ሶኬት ላይ እንዳትሞክሩት፤ እሱ ለላፕቶፕ ነው። ሙቅ ውሃ ካማራችሁ አስተናጋጇን ጠይቁ።